የአንተ ምላጭና የእኔ መዝገብ

ለምወድህና እንደ አባት ለማይህ ወንድም ጋሼ፣

ይህ ወረቀት እጅህ ሲገባ እንደምን ነህ? እማዬ እንደምን ናት? ጉልበቷ የበረንዳውን ደረጃ እሺ ይላታል ወይስ አሁንም ቁጭ ብድግ እያለች ነው የምትወርደው? እትዬ እንደምን ናት? ትልቋስ? «ጥያቄ» የምንላት ትንሿስ? ሌላ ጊዜ ይህን ሁሉ የምጠይቀው ደብዳቤ ሲጀመር እንዲህ ስለሚባል ነበር፤ መልሱን ሳልጠብቅ ወደ ወሬዬ አልፍ ነበር። ዛሬ እያንዳንዱን የምጠይቀው መልስ ፈልጌበት ነው። በተለይ ያንተንና የእትዬን።

የእኔን ጤና በተመለከተ፣ በሁለት ዓመት ውስጥ በላክኩልህ ደብዳቤ ሁሉ «እኔ ደህና ነኝ» ብዬሃለሁ። ደህና አይደለሁም። ጉበቴ ታሟል። ሄፓታይተስ ቢ የሚባለው ቫይረስ ነው፤ በደም ይተላለፋል፤ ያገኘሁትም ከሥራዬ ነው። ሥራ ካቆምኩ ዘጠኝ ወር ሆኖኛል። ይህን ሁሉ ያላወቅከው ስለደበቅኩህ ነው።

ባለፈው ሳምንት በደረሰኝ ደብዳቤህ ላይ «ሐኪሙ፣ ሰሞኑን ድካም ድካም ይለኛል፤ የምግብ ሽታ ያስጠላኛል፤ ሽንቴም የሻይ መልክ ይዟል። ውሃ ስላልጠጣሁ ይመስለኛል፤ ምን ልውሰድ?» ብለህ ጠይቀኸኛል። ወንድም ጋሼ፣ ውሃ ስላልጠጣህ አይመስለኝም። ከእኔ ተይዘህ እንዳይሆን ፈርቻለሁ። እንዴት እንደሆነ ከታች እጽፍልሃለሁ፤ አሁን ግን ማንበቡን ተውና ጫማህን አድርግ። ጤና ጣቢያ ሂድና «ሄፓታይተስ ቢ ካለበት ሰው ጋር በአንድ ምላጭ ተላጭቻለሁ፤ አራት ወር ሆኖኛል» በል። ልክ እንዲህ በል፤ ማሳመር አያስፈልገውም። ደምህን ይውሰዱ። እትዬንም ይዘሃት ሂድ። ባልና ሚስት ናችሁ፤ ይህ ነገር በባልና በሚስት መካከል ያልፋል፤ ከዚህ በላይ አታስብራራኝ። ውጤቱ እስኪታወቅ ድረስ መጠጥ አትቅመስ፤ ለራስ ምታት የምትውጣትንም ክኒን ሐኪም ሳትጠይቅ አትዋጥ። እማዬና ልጆቹም ይመርመሩ፤ ነጻ የሆነው ሁሉ መከላከያውን ይውሰድ፤ ሦስት መርፌ ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። በአንተ ዕድሜ ያለ ጤነኛ ሰው ቢይዘው፣ ከመቶው ከዘጠና የሚበልጠው ራሱ ታግሎ ያስወጣዋል። እኔ ከቀሩት ጥቂቶች ሆንኩ እንጂ ሕጉ እንደዚያ ነው። ይህን የምልህ መንገድ ላይ ጉልበትህ እንዳይከዳህ ነው። ደግሞም ከአንድ ሳህን በመብላታችን አይተላለፍም፤ እማዬ አገላብጣ ስለሳመችኝም አይተላለፍም። ምላጩን ነው የፈራሁት።

ሄደህ ከተመለስክ የቀረውን አንብብ።

ስለ ሥራ ቦታዬ ብዙ ጊዜ ባወራልህም በደንብ አሳይቼህ አላውቅም። የኦፕራሲዮን ክፍላችን ሁለተኛ ፎቅ፣ ከልብስ ማጠቢያው በላይ ነው፤ ወለሉ ክረምት ከበጋ ከሥር ይሞቃል። እዚያ ሃያ አንድ ዓመት ቆሜያለሁ። እናንተ «ሐኪሙ» ትሉኛላችሁ፤ ስንት ጊዜ ላርማችሁ ፈልጌ ደስ ስለሚለኝ ተውኩት። ሥራዬ ለሐኪሙ መሣሪያ ማቀበል ነው። መቀስ ሲል መቀስ፣ ክር ሲል ክር። በኋላ የነርሶቹ ኃላፊ ሆንኩ፤ የኃላፊነቴም ምልክት የአንዲት መሳቢያ ቁልፍ ነበረች። መሳቢያው ውስጥ አረንጓዴ መዝገብ አለ። መርፌ የወጋው ወይም ስለት የቆረጠው ሠራተኛ ቀኑን፣ ቦታውን፣ የወጋውን ነገርና ያየውን ሰው ጽፎ ይፈርምበታል። የተመዘገበ ሰው በሃያ አራት ሰዓት ውስጥ መከላከያ ይሰጠዋል፤ ደሙም በየጊዜው ይታያል። በመዝገቡ ሽፋን ላይ በትልልቁ «ያልተጻፈ አልሆነም» ብዬ የጻፍኩት እኔ ነኝ። ያን ጊዜ የእጅ ጽሑፌ ያምር ነበር።

ከሥሬ ጉንዳን የምንላት ነርስ ነበረች። አጭር ናት፤ ከጠዋት እስከ ማታ አትቀመጥም፤ ከራሷ የሚበልጥ ትሪ ተሸክማ ስትሮጥ ነው የምትታየው። በአንድ ዓመት ውስጥ ሦስት ጊዜ ተወግታ ሦስት ጊዜ መዘገበች። በሦስተኛው፣ በሻይ ሰዓት፣ ሰው ሁሉ ባለበት፣ «አንቺ፣ ይህን መዝገብ የፍቅር ደብዳቤ መጻፊያ አደረግሽው እኮ። መርፌው ካንቺ ሌላ ሰው አያውቅም?» አልኳት። ሰመመን ሰጪው ከሳቁ ብዛት ሻዩ ትን አለው። እሷ ብርጭቆዋን አስቀምጣ ወጣች። እኔም ከመስመሯ ሥር በቀይ እስክሪብቶ «ጥንቃቄ የጎደለው» ብዬ ጻፍኩበት።

ከዚያ ወዲያ ማንም አልጻፈም። የሚወጋ ጠፍቶ አይምሰልህ። ይወጋሉ፤ ቧንቧ ሥር ይጨምቁታል፤ አልኮል ያፈሱበታል፤ ጭጭ። ዓመቱ ሲያልቅ ተቆጣጣሪዎች መጥተው መዝገቡን ገለጡት፤ ባዶ ነው። «ያለ አንዳች አደጋ የሠራ ክፍል» ተብሎ በስሜ የምስክር ወረቀት ተሰጠኝ። ሳሎንህ ግድግዳ ላይ በመስታወት ያስገባኸው እሱ ነው። እንግዳ በመጣ ቁጥር እማዬ በነጠላዋ ጫፍ የምትወለውለው።

ያንን ወረቀት በተቀበልኩበት ዓመት እኔ ራሴ ተወግቻለሁ። አሥራ አንድ ዓመት አለፈው። ሐኪሙ መርፌ ሲመልስ «መርፌ» ብሎ መናገር አለበት፤ ደንብ ነው፤ አዲስ ለሚመጣው ሁሉ የማስተምረውም እኔ ነበርኩ። የዚያን ዕለቱ ሐኪም ቸኩሎ ሳይናገር ትሪው ላይ ወረወረው፤ እኔም ሳላይ እጄን ሰደድኩ። የግራ እጄ ሌባ ጣት ነው። ጓንቱ ውስጥ ሲሞቀኝ ታወቀኝ። ሥራው እስኪያልቅ መቀስ ሲለኝ መቀስ፣ ክር ሲለኝ ክር አቀበልኩ። ከዚያ ወጥቼ ቧንቧ ሥር ጨመቅኩት። የመሳቢያዋ ቁልፍ ደረት ኪሴ ውስጥ ነበረች፤ መዝገቡ ከእኔ አሥር እርምጃ አይርቅም። ግን የት ላይ ልጻፍ? ከጉንዳን መስመር ቀጥሎ፣ ከቀዩ ጽሑፌ ሥር? ሰመመን ሰጪው ትን ሲለው ታየኝ። «እሾህ ናት፤ ታልፋለች» አልኩና ወደ ሻዬ ሄድኩ።

ዘጠኝ ዓመት ምንም አልተሰማኝም። ከሁለት ዓመት በፊት የሠራተኛው ሁሉ ደም ሲመረመር ተገኘብኝ፤ ጉበቴ እስከዚያ ጠባሳ ይዞ ደርቋል። በማግስቱ ከኦፕራሲዮን ክፍል አስወጡኝ፤ ልክ ናቸው፣ ደሜ ለተኛው ሰው አደገኛ ነው። ዕቃ ግምጃ ቤት አስገቡኝና አንሶላና ጎዝ ስቆጥር ዋልኩ። ትንሽ ቆይቶ እግሬ ማበጥ ጀመረ፤ ሆዴ ተነፋ፤ ደረጃውን ለመውጣት ሁለት ጊዜ ማረፍ ነበረብኝ። ከሰዓት በኋላ የጥጥ ጆንያ ላይ እንቅልፍ ይጥለኛል። የበሩ ጥበቃ «ሰላም ነው፣ የጥጥ እመቤት?» ይለኝ ነበር። እኔም እስቃለሁ። ስንቱን ስቄበት የለ።

መጨረሻ ላይ ለሕክምና ቦርድ አቀረቡኝ። ሦስት ሐኪሞች ናቸው፤ አንደኛዋ ከትልቋ ልጅህ ብዙም የምትበልጥ አትመስልም። መሥራት እንደማልችል ለመወሰን አሥር ደቂቃ አልፈጀባቸውም። ከዚያ በኋላ የቀረው ጥያቄ አንድ ነው፦ ሕመሙ የሥራ ነው ወይስ የግል? የሥራ ከሆነ ሕክምናዬን እስከ ዕድሜዬ ልክ ሆስፒታሉ ይችላል። የግል ከሆነ እንደ ማንኛውም ሰው መሄድ ነው። ልጅቷ አቀርቅራ «ይጠጣሉ?» አለችኝ። አልጠጣም አልኳት። «ሴትስ ያበዙ ነበር?» አለችኝ። ወንድም ጋሼ፣ ሃምሳ ሁለት ዓመቴ ነው። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ወደድኩ። በሥራ ላይ ተወግቻለሁ አልኩ። «እንግዲያስ መዝገቡ ላይ ይኖራላ» አለች፤ በክፋት አይደለም፤ እውነት መስሏት ነው።

ወደ ጉንዳን ሄድኩ። አሁን በእኔ ቦታ ኃላፊዋ እሷ ናት፤ ቁልፏም እሷ ዘንድ ናት። የዚያን ዕለት አብራኝ ትሠራ ነበርና ትዝ ይላት እንደሆነ ጠየቅኳት። «ጓንትህን ስታወልቅ ደም ነበረበት። አይቻለሁ» አለችኝ። ታዲያ ለምን ዝም አልሽ ብላት፣ «አንተ ዝም ስትል እኔ ምን አግብቶኝ? ሌላ የፍቅር ደብዳቤ ልጻፍ?» አለችኝ። ፊቷ ላይ ቂም አልነበረም። ለነገሩ እሷ ጤነኛ ናት። ሦስቱንም ጊዜ ስለተመዘገበች ሦስቱንም ጊዜ መከላከያዋን ወስዳለች።

የቆየውን መዝገብ አውጥታ ፊቴ አስቀመጠችው። ከእሷ መስመርና ከቀዩ ጽሑፌ በታች ያለው ገጽ ባዶ ነው። እሷም ዕቃ የምታመጣ መስላ ወጣች፤ እስክሪብቶዋን ግን ጠረጴዛው ላይ ትታዋለች። ረስታው ይሁን ትታልኝ እስከ ዛሬ አልጠየቅኳትም። አንስቼ ቀኑንና ወሩን ጻፍኩ። ከዚያ አቆምኩ። ጽድቅ ይዞኝ አይደለም። ከሕመሙ የተነሣ እጄ ይንቀጠቀጣል፤ የጻፍኩት የድሮውን የእጅ ጽሑፌን አልመሰለም፤ ማንም ያየው ሰው ያውቀዋል። ስትመለስ ግማሹን መስመር አየችው። በደንቡ መሠረት አንድ ሰረዝ አሰመረችበትና የዕለቱን ቀን ጽፋ ፈረመች። ከዚያ ካፖርቷን ደርባ መዝገቡን ይዛ ቦርዱ ዘንድ ሄዳ ያየችውን መሰከረችልኝ። ቦርዱም አመስግኗት፣ ከአሥር ዓመት በኋላ የቀረበ የቃል ምስክርነት ያለ መዝገብ አይበቃም ብሎ ወሰነ። ውሳኔውን ያነበቡልኝ ሽማግሌው ሐኪም የመዝገቡን ሽፋን ወደ እኔ አዞሩልኝ። የግል ሕመም ተባልኩ።

እናንተ ዘንድ የመጣሁት ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። «ዕረፍት ወጥቼ ነው» አልኳችሁ። እማዬ «ከሳህ» ስትለኝ ሥራ በዝቶ ነው አልኳት። ጥያቄ ጭኔ ላይ ተቀምጣ «አጎቴ፣ ዓይንህ ለምን ቢጫ ሆነ?» አለችኝ፤ መብራቱ ነው አልኳት። ከቤቱ ሰው ሁሉ ያየችው እሷ ብቻ ናት፤ የዋሸኋትም በቀን ነው፣ አምፖሉ ጠፍቶ ነበር።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት በረንዳው ላይ፣ ምስማር ላይ በተንጠለጠለችው መስታወት ስትላጭ መጣሁ። ግማሽ ፊትህ አረፋ ነበር። «ና በአባባ መላጫ ተላጭ፤ የሐኪም እጅ ሲነካው ይባረካል» ብለህ ሰጠኸኝ። የራሴ መላጫ ቦርሳዬ ውስጥ ነበር። «የራሴን ላምጣ» ብል ለምን ልትለኝ ነው፤ ለምን ካልከኝ መናገሬ ነው። ስለዚህ ተቀበልኩህ። አገጬን ቆረጥኩት። ሳቅክብኝ። «ሰው ሲሰፋ የሚውል ሰውዬ የራሱን አገጭ ይዘነጥላል?» ብለህ ከእጄ ወሰድከው፤ በፎጣህ ጠረግ አድርገህ የቀረውን ፊትህን ተላጨህ። ከጆሮህ ሥር ተቆረጥክ። ቀጭን ደም ወደ አንገትህ ወረደ። አየሁት። ሃያ አንድ ዓመት ሌላውን ሰው ያስተማርኩት ይህንኑ ነው፤ ያን ጊዜ ብናገር፣ በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ ብወስድህ መከላከያው ነበር። እኔ ያልኩህ «በል ተጠንቀቅ» ነው። «በል ተጠንቀቅ።»

ከሰዓት በኋላ ስትተኛ ምላጩን አውጥቼ በአዲስ ተካሁት። አሮጌውን በጨርቅ ጠቅልዬ ይዤው ተመለስኩ፤ ሆስፒታል፣ ስለት በሚጣልበት ቢጫ ካርቶን ውስጥ ጣልኩት። አንተ ደግሞ በዚያው ደብዳቤህ ግርጌ «ምላጬን ሰርቀህ ሄድክ እንዴ? አዲስ አገኘሁበት፤ እንዲህ ካሳ ጥሎ የሚሄድ ሌባ አይቼ አላውቅም» ብለህ ቀልደሃል። እዚያ መስመር ላይ ስደርስ ደብዳቤህን አጣጥፌ አስቀመጥኩት።

ሦስት ጊዜ ደውዬልሃለሁ። አንዴ እማዬ አነሳችው፤ ስለ ጉልበቷ አወራን። አንዴ አንተ አነሳኸው፤ ስለ ጣሪያው ማፍሰስ አወራን። በሦስተኛው «ሃሎ፣ ሃሎ» ስትል ዘጋሁብህ። ድምፅህን ስሰማ አልችልም፤ ለዚህ ነው የምጽፈው። ነገ በጠዋቱ አውቶቡስ በሹፌሩ እጅ እልከዋለሁ፤ እኩለ ቀን ላይ ይደርስሃል።

አሁን በጊዜው መጻፍ የነበረብኝን እጽፋለሁ። ጤና ጣቢያው ከጠየቀህ ይህን ገጽ አሳያቸው።

ቀን፦ ሐምሌ ዘጠኝ፣ ጠዋት። ቦታ፦ የወንድሜ በረንዳ። ስለቱ፦ የአባታችን መላጫ። የተጋለጠው፦ ወንድሜ፣ ከጆሮው ሥር። ያጋለጠው፦ እኔ። ያየ ሰው፦ እኔ። በወቅቱ ያልተመዘገበበት ምክንያት፦ አፍሬ።

ፈርሜበታለሁ። ፊርማዬ የድሮውን አይመስልም፤ ግን የእኔ ነው።

ብትቆጣ እውነትህን ነው። ከተቆጣህ በኋላ ግን ውጤቱን ጻፍልኝ፤ አንድ መስመር ይበቃኛል፤ ስድብም ቢኖርበት አነበዋለሁ። የምስክር ወረቀቱን ከግድግዳው አውርድልኝ። ምስማሩ ጠንካራ ነው፤ የበረንዳውን መስታወት ስቀልበት። የአባባን መላጫ ግን አትጣለው፤ በበረኪና ዘፍዝፈህ አስቀምጠው፤ እሱ ምንም አላጠፋም።

እማዬን እጇን ሳምልኝ። የባልና የሚስቱን ነገር ዝለልና የቀረውን አንብብላት፤ ከእኔ አፍ እንደሰማችው ትቁጠረው። ለእትዬ ሰላምታ ማቅረብ እፈራለሁ፤ ግን ሳላቀርብ አልቀርም፤ ይቅር ባትለኝም አልቀየማትም። ትልቋ ነርስ እሆናለሁ ማለቷን ካልተወች፣ የጉንዳንን ታሪክ ንገራት፤ የእኔንም ጨምርላት። ጥያቄን ጉንጯን ሳምልኝና አጎትሽ ያኔ ለጠየቅሽው «መብራቱ አልነበረም» ብሏል በላት።

ታናሽ ወንድምህ

ከሆስፒታሉ ጀርባ፣ ከተከራየኋት ክፍል
ኅዳር አሥራ ሁለት ቀን